የአንባቢያን ጥያቄ፦ ክርስቶስ ባይነሣ ኖሮ ምን ይጎድል ነበር?

ስለ ትንሣኤ ከደረሱን ጥያቄዎች ደጋግመው የመጡትን መርጠን፣ የሚመሳሰሉትን አዋሕደን መልሰናል። ምዕራፍና ቁጥር የጠቀስነው መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጠው እንዲያመሳክሩ ነው። ቃላችንን ብቻ ይዘው ባይሄዱ ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ አልዓዛር ከሞት ተነሥቷል፤ የናይኗ መበለት ልጅና የኢያኢሮስ ልጅም እንዲሁ። ታዲያ የኢየሱስ ትንሣኤ በምን ይለያል?

መልስ፦ በጊዜ ቅደም ተከተል እርሱ የመጀመሪያው አለመሆኑ እውነት ነው። ከእርሱ ብዙ ዘመን በፊት ኤልያስ የሰራፕታዋን መበለት ልጅ (1ኛ ነገሥት 17)፣ ኤልሳዕም የሱነማዪቱን ልጅ (2ኛ ነገሥት 4) አስነሥተዋል። ኤልሳዕ ከሞተ በኋላ እንኳ ዐፅሙን የነካ ሬሳ ድኖ በእግሩ ቆሟል (2ኛ ነገሥት 13፥21)። እነዚህ ሁሉ ግን የተመለሱት ወደ ቀድሞ ሕይወታቸው ነው፤ ረሀቡም ሕመሙም ሞቱም መልሶ ይጠብቃቸዋል። አልዓዛር ከመቃብር ከወጣ በኋላ የካህናት አለቆች እርሱንም ሊገድሉት ተማክረዋል (ዮሐንስ 12፥10)። ሊገደል የሚችል ሰው ነበረና።

ክርስቶስ ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ሞትን አልፎ ወጣ። ጳውሎስ በሮሜ 6፥9 ሞት ከእንግዲህ እንደማይገዛው የሚናገረው ይህን ነው። ዮሐንስ ደግሞ ልዩነቱን በከፈኑ ያሳየናል። አልዓዛር እጅና እግሩ እንደ ተገነዘ፣ ፊቱም እንደ ተጠመጠመ ወጣ፤ ሌሎች ሊፈቱት ግድ ሆነ (11፥44)። በምዕራፍ 20 ግን ጴጥሮስ ያገኘው የተልባ እግሩን ልብስ ተቀምጦ፣ የራሱንም ጨርቅ ለብቻው ተጠምጥሞ ነው። ኒቆዲሞስ ለመግነዝ ያመጣው የከርቤና የእሬት ቅልቅል 33 ኪሎ ግራም ያህል እንደ ነበር ስናስታውስ፣ የሬሳ ሌባ እዚያው ቆሞ ሲፈታና ሲያጣጥፍ ማሰብ ይከብዳል።

ጳውሎስ «በኩራት» የሚለው ከዘሌዋውያን 23 የተወሰደ ነው። ከአዲሱ መከር የመጀመሪያው ነዶ ለእግዚአብሔር እስኪቀርብ ድረስ ከእህሉ መብላት አይፈቀድም ነበር። ነዶው ከዚያው እርሻ የታጨደ ነው፤ እርሱ ከቀረበ የቀረውም መከር ይከተላል። ስለዚህ የክርስቶስ ትንሣኤ ለእርሱ ብቻ የተደረገ ተአምር አይደለም። ሙታን ሁሉ የሚነሡበት መከር የጀመረበት ዕለት ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 15፥20-23)።

ጥያቄ፦ ኃጢአታችን በመስቀል ከተከፈለ ትንሣኤው ምን ይጨምራል? «ተፈጸመ» ያለው መስቀል ላይ ሆኖ አይደለምን?

መልስ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚድበሰበሰውም ሰባኪዎች መስቀሉን በሰፊው ተርከው ትንሣኤውን እንደ መልካም ፍጻሜ ብቻ ስለሚያክሉት ነው። ጳውሎስ ግን አጥብቆ ይይዘናል፦ ክርስቶስ ካልተነሣ «እስከ አሁን ድረስ በኃጢአታችሁ አላችሁ» (1ኛ ቆሮንቶስ 15፥17)። ተሰቅሎ ቢቀርስ? ይቅርታ የለም ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማየት ከፍርዱ እንነሣ። በዘዳግም 21፥23 መሠረት በእንጨት ላይ የተሰቀለ ሰው የተረገመ ነው። የኢየሩሳሌም ሸንጎ ተሳዳቢ ብሎ ፈረደበት፤ የሮም ገዥ ለሞት አሳልፎ ሰጠው። ዓርብ ማታ ላይ ቆመን ብንጠየቅ ያለን ማስረጃ ሁሉ ሸንጎው ትክክል እንደ ነበር የሚናገር ነው። እሑድ ግን ይግባኝ የማይባልበት ዳኛ ያንን ፍርድ ሻረው። የጴጥሮስ የመጀመሪያ ስብከት በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ እናንተ ገደላችሁት፣ እግዚአብሔር ግን አስነሣው (ሐዋርያት ሥራ 2፥23-24)። ሞቱ የራሱ በደል ዋጋ ሳይሆን የሌሎች እንደ ነበር የታወቀው በዚህ ነው። ሮሜ 4፥25ም ስለ በደላችን ተሰጠ፣ እኛን ስለ ማጽደቅ ተነሣ እያለ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስራል።

«ተፈጸመ» የሚለውም ቃል አይሻርም። መሥዋዕቱ ተፈጽሟል፤ የማይደገም ነው። መሥዋዕቱን ያቀረበው ሊቀ ካህናት ግን ሞቶ ቢቀር ኖሮ ማን ይማልድ ነበር? ዕብራውያን 7፥25 የሚያድነን ሁልጊዜ በሕይወት ስለሚኖር ነው ይላል።

ጥያቄ፦ ዓርብ ከሰዓት ተቀብሮ እሑድ ማለዳ ተነሣ። ይህ እንዴት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይሆናል?

መልስ፦ በሰዓት ከቆጠሩት አይሆንም። በአይሁድ አቆጣጠር ግን ዕለት የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የዕለቱም ቁራጭ እንደ ሙሉ ዕለት ይቆጠራል። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረ፤ አንድ። ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ፤ ሁለት። ከቅዳሜ ማታ የጀመረው እሑድ፤ ሦስት። አስቴር «ሦስት ቀን ሌሊትና ቀን» ጹሙልኝ ብላ በሦስተኛው ቀን ወደ ንጉሡ መግባቷን ያስተውሉ (አስቴር 4፥16 እና 5፥1)። በማቴዎስ 27፥63-64ም አለቆቹ «ከሦስት ቀን በኋላ» ያለውን ጠቅሰው መቃብሩ «እስከ ሦስተኛ ቀን» እንዲጠበቅ ይለምናሉ። ሁለቱ አነጋገር ለእነርሱ አንድ ነበር። ቁጥሩን ለማሟላት ስቅለቱን ወደ ረቡዕ የሚወስዱ አሉ፤ ግን ወንጌላውያኑ ዋዜማው የሰንበት ዋዜማ እንደ ሆነ በግልጽ ጽፈዋል (ማርቆስ 15፥42)።

ጥያቄ፦ ወንጌላውያኑ አይስማሙም። አንዱ አንድ መልአክ ሲል ሌላው ሁለት ይላል፤ ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች ስምም ይለያያል። እንዴት ልመን?

መልስ፦ ልዩነቶቹን አንደብቅም። ማቴዎስ መግደላዊት ማርያምንና ሌላዪቱን ማርያም ይጠራል፤ ማርቆስ ሰሎሜን ይጨምራል፤ ሉቃስ ዮሐናን። ዮሐንስ መግደላዊትን ብቻ ይጠራል፤ እርሷ ግን ለጴጥሮስ ስትነግር «ወዴትም እንዳኖሩት አናውቅም» ትላለች (20፥2)፤ ብቻዋን እንዳልነበረች ከአፏ ያመልጣል። ማርቆስ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው ሲል ዮሐንስ ገና ጨለማ ሳለ ይላል፤ መንገድ የጀመሩበትና የደረሱበት ሰዓት ይሆናል የሚል ማስታረቂያ አለ። አሳማኝ ነው፤ ግን እያንዳንዱን ልዩነት በግድ ማጋጠም አስፈላጊ አይመስለንም። አራቱም የሚስማሙበት አጥንቱ ነው፦ በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ማለዳ፣ ሴቶች፣ መግደላዊት ማርያም ያለችበት፣ ባዶ መቃብር። ተማክረው የጻፉት ቢሆን ኖሮ እነዚህን ጫፎች ባስተካከሏቸው ነበር።

ሴቶቹ ራሳቸው ትልቅ ነገር ናቸው። በዚያ ዘመን የሴት ምስክርነት የሚናቅ ነበር፤ ሐዋርያቱ እንኳ ወሬያቸውን እንደ ቅዠት ቆጥረውት አላመኗቸውም (ሉቃስ 24፥11)። ታሪክ ፈጥሮ ሰውን ማሳመን የፈለገ ሰው እነርሱን በመጀመሪያው መስመር ባላስቀመጠ።

ማርቆስን ሲያነቡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፉት ሁለት ጥንታዊ የግሪክ ብራናዎች፣ ከሲናው ቅጂና ከቫቲካን ቅጂ፣ 16፥9-20 የለም። ብዙ የኅዳግ ማስታወሻዎች ይህንን ይገልጻሉ። አንዳንዱ አንባቢ ይህን ሲያይ እምነቱ የተናጋ ይመስለዋል። ባዶው መቃብርና የመልአኩ ቃል ያሉት ግን ከቁጥር 8 በፊት ነው። ከዚያም በላይ የጽሑፍ ምስክራችን ከወንጌል አይጀምርም። ጳውሎስ በ55 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ.) ከኤፌሶን በጻፈው ደብዳቤ ራሱ የተቀበለውን የምስክሮች ዝርዝር አስፍሯል፦ ኬፋ፣ አሥራ ሁለቱ፣ ከ500 የሚበልጡ ወንድሞች፣ ያዕቆብ፣ ሐዋርያት ሁሉ። ከአምስት መቶው የሚበዙት አሁንም አሉ ማለቱ (1ኛ ቆሮንቶስ 15፥6) ሄዳችሁ ጠይቁ እንደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሬሳው ለተቃጠለ ወይም ባሕር ለበላው ሰው ትንሣኤ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ177 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሊዮን ክርስቲያኖችን የገደሉ ሰዎች ሬሳቸውን አቃጥለው አመዱን ወደ ሮን ወንዝ የበተኑት የትንሣኤ ተስፋቸውን ለማምከን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰማዕታቱን ከተስፋው አልቆረጠቻቸውም። በመቃብር ያለውም ሥጋ ቢሆን ዘመን ሲቆጠር አፈር ነው፤ ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው።

ጳውሎስ ለዚሁ ጥያቄ የሰጠው የዘር ምሳሌ ነው። የሚዘራው ቅንጣት ነው፤ የሚበቅለው ሌላ መልክ ያለው፣ ግን የዚያው ዘር ነው። እዚህ ላይ ሰዎች በሁለት አቅጣጫ ይስታሉ። አንዳንዶች ትንሣኤን የነፍስ መኖር ብቻ ያደርጉታል፤ የተነሣው ጌታ ግን ዳስሱኝ ብሎ የተጠበሰ ዓሣ በልቷል (ሉቃስ 24፥39-43)። ሌሎች ደግሞ ያው ደካማ ሥጋ እንደገና የሚታደስ ይመስላቸዋል፤ ያ ሥጋ ግን በሩ ተዘግቶ ሳለ በመካከላቸው ቆሟል (ዮሐንስ 20፥19)። የችንካሩ ምልክት አልጠፋም፤ ሞት ግን አይነካውም።

ጥያቄ፦ የፋሲካ ቀን በምሥራቅና በምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ለምን ይለያያል?

መልስ፦ ደንቡ አንድ ነው፦ መጋቢት 21 ቀን (በዚህ መልስ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወይም ከዚያ በኋላ ከምትሞላው የመጀመሪያዪቱ ጨረቃ ቀጥሎ ያለው እሑድ። ጨረቃዋ እሑድ ከሞላች በዓሉ ወደሚቀጥለው እሑድ ይሄዳል። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያከብር ወስኗል።

ልዩነቱን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የፀሐይ ቀመር ነው። የአሮጌው (የዩልዮስ) ቀመር ዓመት ከትክክለኛው በ11 ደቂቃ ያህል ስለሚረዝም በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይስታል። ምዕራቡ በ1582 አሥር ቀን ዘሎ አረመው፤ በአሮጌው ቀመር የቀሩት ዛሬ 13 ቀን ወደ ኋላ ናቸው። የእነርሱ መጋቢት 21 በአዲሱ ሚያዝያ 3 ነው። ሁለተኛው የጨረቃ ሰንጠረዥ ነው። ቀኑ የሚወጣው ሰማይ ታይቶ ሳይሆን በ19 ዓመት ዑደት ተሰልቶ ነው፤ የአሮጌው ሰንጠረዥ ጨረቃም ከእውነተኛዋ በአራት አምስት ቀን ትዘገያለች። ስለዚህ በ2024 ልዩነቱ አምስት ሳምንት ሆነ (መጋቢት 31 እና ግንቦት 5)፤ በ2025 ሁለቱም ሚያዝያ 20 ላይ ገጠሙ፤ በ2026 በአንድ ሳምንት ይለያያሉ፤ በ2028 ሚያዝያ 16 ላይ እንደገና ይገናኛሉ። ምሥራቆቹ የአይሁድ ፋሲካ እስኪያልፍ ሆን ብለው ይጠብቃሉ የሚባለው በስሌቱ ውስጥ የለም፤ የሰንጠረዡ መዘግየት ያመጣው ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ ልጇ የሞተባት ጎረቤቴን በትንሣኤ ላጽናናት ስል «እሱማ ዐርፏል፣ አታልቅሺ» አልኳት፤ አስቀየምኳት መሰለኝ። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ «አታልቅሺ» የሚለውን ያውጡት። ኢየሱስ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ብሎ ጥቂት ቆይቶ ራሱ አልቅሷል (ዮሐንስ 11፥25 እና 35)፤ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደ ሆነ እያወቀ። ጳውሎስም በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አለ እንጂ ከናካቴው አትዘኑ አላለም።

አሁን ሄደው አጠገቧ ይቀመጡ፤ ያለፈውንም ቃል በአጭሩ ይቅርታ ይጠይቁ። የልጁን ስም እየጠሩ ያውሩ፤ ብዙ ሰው ስሙን ይሸሻል። ለምን እንደ ሞተ ምክንያት አይስጡ፤ «እግዚአብሔር ፈልጎት ነው» የሚለው በተለይ ይጎዳል፣ መጽሐፉም እንዲህ አይልም። ሞት ለጳውሎስ «የኋለኛው ጠላት» ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 15፥26)፤ ጠላት የሆነውን ወዳጅ አስመስሎ ማቅረብ ትንሣኤውንም ያሳንሳል። ፈቃዷ ሲሆን 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13-18ን ያንብቡላት። ስድስት ቁጥር ነው፤ ማብራሪያ አይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ትንሣኤን በደንብ ለማጥናት ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 15። መጀመሪያ 58ቱንም ቁጥር ሳያቋርጡ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ በሦስት ቀን ይክፈሉት፦ ምስክሮቹ (1-11)፣ ባይነሣስ የሚለው ክርክር (12-34)፣ የትንሣኤ አካል (35-58)። ብዙ ሰው ቁጥር 29 ላይ፣ ስለ ሙታን መጠመቅ የሚለው ጋ ይቆማል፤ ሊቃውንትም አልተስማሙበትም፣ ይለፉት። ቀጥሎ ሉቃስ 24ንና ዮሐንስ 20-21ን፣ በመጨረሻም ስለ ጥምቀት የሚናገረውን ሮሜ 6፥1-14 ያንብቡ። ይህ የመጨረሻው ንባብ የትንሣኤው ኃይል ከመቃብር ማዶ ብቻ ሳይሆን ዛሬ በአኗኗር እንዴት እንደሚገለጥ ያሳያል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ምዕራፍ 15 ሲያልቅ መጽሐፉን አይዝጉ። የምዕራፍ ቁጥር በኋላ ዘመን የገባ ነው፤ ጳውሎስ ግን ድካማችሁ ከንቱ አይደለም ካለ በኋላ ወዲያው ስለ ገንዘብ ይናገራል። በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ገቢው መጠን ለኢየሩሳሌም ድሆች እንዲያስቀምጥ ያዝዛል (16፥1-3)። ቀኑ እሑድ ነው።