ጥያቄና መልስ ከፍሬን ሠሪ ጋር፦ ዋጋ አትጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ እሁድ ነው፣ ጋራዡ ዝግ ነው፣ እስከ ማታ እዚሁ ነኝ። 26 ዓመት መኪና ሥር ተኝቻለሁ፤ አብዛኛውን ፍሬን ላይ። ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ቁልቁለት ጠይቁኝ። «ይቺ ቪትዝ ስንት ታወጣለች?» የሚል ካለ ደላላ ይፈልግ።

ቢኒ ከሳሪስ፦ ጋሼ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ አደርገዋለሁ፣ ማለትም ከማርሽ አወጣዋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ደግሞም አይቆጥብም። ኢንጀክተር ያለው መኪና ቁልቁለት ላይ ማርሽ ገብቶ የነዳጅ ፔዳሉን ስትለቀው ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ስታደርገው ጎማና ሞተር ይለያያሉ፤ ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት ይጀምራል። ቆጠብኩ ብለህ እየከፈልክ ነው።

ይሄ ቀላሉ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ቪትዙን ከዓባይ በረሃ አስጭኖ አመጣልኝ። ጎማውን ስፈታ ዲስኩ ሰማያዊ ሆኗል። ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ተቃጥሎ መስታወት መስሏል። የፍሬን ዘይቱን በሃይላንድ ቀዳሁት፤ የቡና አተላ! ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ልጁ ያን ሁሉ በፎሌ፣ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ ወረደው። ድልድዩ ጋ ሊደርስ ሲል ፔዳሉ ወለል ነካ። ያተረፈው መንገድ ዳር የተከመረ ጠጠር ነው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። ውሃ ሲገባው መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ትረግጣለህ፣ ፔዳሉ ይገባል፣ መኪናው ይሄዳል። በየ2 ዓመቱ ቀይሩት። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱት። ኦቶማቲክ ከሆነ ከዲ በታች ያለውን አስገቡ፤ ኤስም ይሁን ቢ ወይም ኤል፣ እንደ መኪናው ነው።

ሜሪ፦ መኪናዬ ድምፅ ታሰማለች። ምን ሆና ይሆን?

መልስ፦ የኔም ታሰማለች። ከፊት ነው ከኋላ? ስትረግጪ ነው ስትዞሪ? አጣርተሽ ተመለሽ።

ያሬድ፦ ቦሎ ለማደስ ምን ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ።

የላዳ ልጅ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ በፎሌው ነገር አልስማማም። አባቴ 30 ዓመት ላዳ ታክሲ ነድቷል። ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ ሁሌ በፎሌ ነበር። ይቆጥባል።

መልስ፦ አባትህን አከብራለሁ። የአባትህ ላዳ ግን ካርቡራቶር ናት። ካርቡራቶር ኮምፒውተር የለውም፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ቤንዚን ይስባል። ለእሳቸው መኪና ነገሩ ትንሽ እውነት ነበረው። አንተ የያዝከው ምንድን ነው?

የላዳ ልጅ፦ ያሪስ።

መልስ፦ እንግዲያው በያሪስህ ላይ የላዳ ምክር አትጠቀም።

ዶልፊን ሹፌሩ፦ ሁላችሁም ስለ ቁልቁለት ታወራላችሁ፣ እኛ ተሳፋሪ ጭነን በየ50 ሜትሩ እንቆማለን። የኛን ሸራ ማን ያዝንለታል?

ቢኒ ከሳሪስ፦ በየ50 ሜትሩ ቁሙ ያላችሁ ማነው? ፍሬቻ ሳታሳዩ መሀል መንገድ ላይ!

ዶልፊን ሹፌሩ፦ ወራጅ ሲባል ልለፍ? አንተ ስትሳፈር «እዚህ ጋ» አትልም?

ሜሪ፦ እውነቱን ነው፣ ሁላችንም እንላለን።

መልስ፦ ይሄንን ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ። ዶልፊን ሹፌሩ፣ ሸራህን በየ2 ሳምንቱ በዓይንህ እይ። ርካሹን ሸራ አትግዛ፤ ቶሎ ይጋላል፣ ዲስክህንም ይበላል።

ፍቅርተ፦ ቪትዜ ዕንጦጦ ስወጣ ትደክማለች። ሞተሩ አልቆ ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ዕንጦጦ 3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር አራት ሰው ጭኖ ምን ያድርግ? የአየር ፊልትሮና ካንዴላ አሳዪ። ስትወርጂ ግን ፎሌ እንዳታደርጊ።

ሄኖክ፦ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ ልገዛ እያሰብኩ ነው። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ስለ ዋጋው አላወራም። ስለ ፍሬኑ ግን ልንገርህ፣ ደስ የሚል ነገር አለው። ነዳጁን ስትለቅ (ነዳጅ የለውም ግን ምን ልበለው) ሞተሩ ተገልብጦ ዲናሞ ይሆናል፤ መኪናውን ይዞ ባትሪውን ይሞላል። ከዕንጦጦ ስትወርድ ቻርጅ ታገኛለህ። ሸራ እንደ ልብ አያልቅም፤ እኔን ሥራ ሊያስፈታ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ያ መያዝ ይቀንሳል። ቁልቁለት አናት ላይ ሙሉ ሞልተህ አትነሳ።

ያሬድ፦ መብራት ሲጠፋስ በምን ይሞላል?

ሄኖክ፦ ቤንዚን ወረፋ አታውቅም እንዴ?

ያሬድ፦ ወረፋው ቢያንስ መጨረሻ አለው።

መልስ፦ ያሬድ፣ አንተ ቦሎህን አድስ።

ከቨርጂኒያ፦ ለገና እመጣለሁ። መኪና ተከራይቼ ቤተሰቤን ይዤ ባሕር ዳር መንዳት እፈልጋለሁ። ምክር?

መልስ፦ በቀን ንዳ። በሬ፣ አህያ፣ ጋሪ፣ ቆሞ የቀረ ከባድ መኪና፣ ሁሉም መብራት የለውም። ዓባይ በረሃ ስትገባ ከላይ ጀምረህ ማርሽ ቀንስ፤ ከፈጠነ በኋላ አይደለም። ፍሬን ከሸተተህ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ይቀዝቅዝ፣ ውሃ እንዳትደፋበት። ኪራዩን ስትረከብ የፍሬን ዘይቱን ክፈትና እይ። ጥቁር ከሆነ ሌላ መኪና ስጡኝ በል።

ሜሪ፦ ጋሼ ተመለስኩ። ፍሬን ስይዝ ከፊት ጎማ በኩል ሲጢጥ ይላል።

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! ሸራሽ ሳያልቅ አይቀርም። ብዙ ሸራ ላይ ትንሽ ብረት አለች፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን ነክታ እንድትጮህ ነው የተሠራችው። ነገ አሳዪው። ሲጢጡ ወደ መፋቅ ከተቀየረ ዲስኩም ይገዛል።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ፣ አሁን ነው የገባሁት። ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ ነዳጅ ይቆጥባል እንዴ?

መልስ፦ ወደ ላይ ውጣና ከመጀመሪያው አንብብ። ስትመለስ በማርሽ ውረድ።