ናይቶችህ ለምን ያልቁብሃል?

አብሽር ወንድሜ። «በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ፍራንክ ሆኜ 10 ናይት አጠራቅሜ እልካለሁ፤ ጠላት በፓይክማን ይጨርስብኛል። በፈረሰኛ መጫወት አያዋጣም ማለት ነው?» ብለህ ነው የጠየቅከው። (ለማያውቀው፦ ይህ አገር ገንብተህ ጦር የምታዘምትበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ፍራንክ ከሚመረጡት ሕዝቦች አንዱ ነው፤ ናይት ውድ ፈረሰኛ፣ ፓይክማን ደግሞ ፈረሰኛን የሚጎዳ ጦር ያዥ ነው።) ያዋጣል። እኔም በዚሁ አጨዋወት ብዙ ጊዜ ተሸንፌያለሁ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ውስጥ ከኮምቦልቻ ከሚመጣው የአክስቴ ልጅ ጋር እንጫወት ነበር። እሱ ሁሌ ኢትዮጵያውያንን ይመርጣል። በጨዋታው የእኛ ሰዎች ተራ ጦር ያዥን ወደ ፓይክማን የሚያሳድገውን ማሻሻያ በነፃ ያገኛሉ። ስለዚህ እኔ ናይት ይዤ በደረስኩ ቁጥር የሱ ጦር ያዦች ተሰልፈው ይጠብቁኛል። እኔ ደግሞ ቀጥታ እገባባቸዋለሁ።

ሒሳቡን እየው። 10 ናይት 600 ምግብና 750 ወርቅ ይፈጃል። 10 ጦር ያዥ ግን 350 ምግብና 250 እንጨት ብቻ ነው፤ ወርቅ የሚባል ነገር የለውም። የፍራንክ ናይት 120 ነፍስ አለው። ማሻሻያ ካልተጨመረ አንድ ፓይክማን 5 ጊዜ ከወጋው አለቀ። እዚህ ግጥሚያ ውስጥ መግባት በራስ ወርቅ ጠላትን ማክበር ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባል የለ? ለዚህ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም። የናይት ፍጥነት 1.35 ነው፣ የፓይክማን 1 ነው። የገዛኸው ይሄንን ልዩነት ነው። ናይትህ ጦር ያዥ የሌለበት ቦታ ቀድሞ መድረስ አለበት። 10ሩን አንድ ላይ አትላክ። አምስቱን ወርቅ የሚቆፍሩት ላይ፣ አምስቱን እንጨት ቆራጮቹ ላይ አድርግ። ፓይክማኖቹ ወደ አንዱ ሲሮጡ ከዚያ ውጣ፣ በሌላኛው በኩል ሥራህን ቀጥል። ሠራተኞቹ ታውን ሴንተር (ሠራተኛ የሚወጣበት ዋና ሕንፃ) ውስጥ ቢደበቁም አትናደድ። ተደብቀው የቆዩበት ጊዜ ሁሉ ሥራ የቆመበት ጊዜ ነው። ብቻ ታውን ሴንተሩ ቀስት ስለሚተኩስ ሥሩ ቆመህ ቀስት አትቁጠር።

አያቴ አገር ጉግስ ሲጫወቱ ያየ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ጋላቢው አሳድዶ ዘንጉን ይሰነዝርና ወዲያው ፈረሱን አዙሮ ይመለሳል። እዚያው ቆሞ አይደባደብም። አድዋ ላይም፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ የወረደው ከሌላው ጦር ተነጥሎ በቀረው በጣሊያኑ ጄኔራል በዳቦርሚዳ ብርጌድ ላይ ነው። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ጨዋታው ላይ ደጋግሜ ከተሸነፍኩ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እሱም እርሻ ነው። ብዙ ሰው ጦርነቱን ያያል እንጂ እርሻውን አይቆጥርም። አንድ የፈረስ በረት ናይት ሳያቋርጥ እንዲያወጣ በግምት 6 ገበሬና 6 ወይም 7 ወርቅ ቆፋሪ ይፈልጋል። አንድ ታውን ሴንተር ሠራተኛ ሳያቋርጥ እንዲያወጣ ደግሞ ሌላ 6 ገበሬ አለ። ስለዚህ በሁለት በረት የምትጫወት ከሆነ ወደ 18 እርሻና 13 ወርቅ ቆፋሪ ያስፈልግሃል። ይህ ከሌለህ ያለህ 10 ናይት ብቻ ነው፤ ሲሞቱ ተተኪ የለም። እኔን ሲያሸንፈኝ የኖረው ይሄ ነበር። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ገደለ፣ ከኋላ የሚመጣ አልነበረም።

ፍራንክን የምመርጠውም ለዚህ ነው። የእርሻ ማሻሻያዎቹን በነፃ ያገኛል። በተለይ ሆርስ ኮላር (የመጀመሪያው የእርሻ ማሻሻያ) ስለማይከፈልበት በፊውዳል ኤጅ (በጨዋታው ሁለተኛ ዘመን) እንጨትህን በቀጥታ እርሻ ላይ አውለው። እያንዳንዱ እርሻ 60 እንጨት ነው። ወደ ካስል ኤጅ (ናይት ወደሚወጣበት ሦስተኛው ዘመን) ለመሻገር የምታጠራቅመው 800 ምግብና 200 ወርቅ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

ፓይክማን ከበዛብህ ናይት መጨመርህን አቁም። ፍራንክ ካስል (ምሽግ) በርካሽ ይሠራል፤ ከዚያ መጥረቢያ ወርዋሪዎቹን አውጣ። ከርቀት ስለሚመቱ ጦር ያዥ ሲጠጋቸው ግማሹ ያልቃል። የጠላት መነኩሴ ናይቶችህን ወደ ራሱ ወገን እየቀየረ የሚወስድብህ ከሆነ ጥቂት ስካውት (ቀላል ፈረሰኛ) ቀላቅል። 80 ምግብ ብቻ ነው፣ እንደ ናይት ቶሎም አይቀየርም።

ናይትን ወደሚቀጥለው ደረጃ ወደ ካቫሊየር ለማሳደግ ቶሎ ግባ፣ ከዚያ ላለው ለፓላዲን ግን አትቸኩል። 1300 ምግብና 750 ወርቅ ይበላል። በዚያ ሰዓት እርሻህ ሙሉ ካልሆነ በረቶችህ ባዶ ይቆማሉ።

የሚቀጥለውን ጨዋታ ቅጂ እዚሁ ግሩፕ ላይ ላክልኝ። መጀመሪያ የማየው ናይቶችህን አይደለም፤ ካስል ኤጅ ስትገባ ስንት እርሻ እንደነበረህ ነው።