መልስ፦ ሚኒባሱ ወደ ደሴ በአማካይ በስንት እርምጃ ይመለሳል?

ወዳጄ፣ በማርኮቭ ሰንሰለትህ (ቀጣዩ እርምጃ አሁን ባለበት ቦታ ብቻ የሚወሰንበት የዕድል ሞዴል) ሚኒባሱ ከደሴ በ2/3 ዕድል ወደ ኮምቦልቻ፣ በ1/3 ወደ ሐይቅ ይሄዳል። ከሐይቅ ሁልጊዜ ወደ ደሴ ይመለሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን በየእርምጃው በ1/2 ዕድል እዚያው ይቆያል፣ በ1/2 ይመለሳል።

ያደከመህ የማትሪክሱን (ከከተማ ወደ ከተማ የመሄድ ዕድሎች ሠንጠረዥ) ኃይሎች እያወጣህ፣ የደሴ–ደሴን ቁጥር በእርምጃው ብዛት እያባዛህ መደመርህ ነው። ያ ቁጥር በዚያ እርምጃ ደሴ የመገኘት ዕድል እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ የመመለስ ዕድል አይደለም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም መመለስ ስለሚገባበት ድምሩ ማለቂያ የለውም። ይህን ልዩነት አጥብቀህ ያዝ!

አንድ እርምጃ ብቻ ወደፊት ተመልከት። ከሐይቅ ደሴ ለመድረስ 1 እርምጃ ይበቃል። ከኮምቦልቻ የሚፈጀውን አማካይ «ኮ» ብንለው፣ ኮ = 1 + ኮ/2፤ ስለዚህ ኮ = 2። ከደሴ ተነሥቶ ደሴ ለመመለስ፦ 1 + (2/3 × 2) + (1/3 × 1) = 8/3 እርምጃ።

ማረጋገጫው በጣም ያምራል። በረጅም ጊዜ ወደ እያንዳንዱ ከተማ የሚገባውና ከዚያ የሚወጣው እኩል ስለሚሆን፣ የኮምቦልቻ ድርሻ የደሴ 4/3፣ የሐይቅ ደግሞ የደሴ 1/3 ነው፤ ሦስቱ ተደምረው 1 ስለሚሆኑ ሚኒባሱ ደሴ የሚገኝበት ድርሻ 3/8 ነው፤ አማካይ የመመለሻ ጊዜው የዚህ ግልባጭ፣ 8/3 ነው። የሁኔታዎቹ (እዚህ የከተሞቹ) ብዛት ውሱን ከሆነና ከየትኛውም ወደየትኛውም መድረስ ከተቻለ ይህ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ሰንሰለቱ ዙር ጠብቆ ቢመላለስም እንኳ። ወልዲያንና ከሚሴን ከጨመርክ በዚህኛው መንገድ ሂድ፤ የድርሻዎቹን እኩልታዎች አንድ ጊዜ ፈትተህ የሁሉንም ከተሞች መልስ ታገኛለህ።