ሥራዬ ይናገራል አትበሉ

የድሬ ልጆች ለበዓል ከውጭ ሲመጡ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ወሬው ቤትና መኪና ነው። በአውሮፕላን ጥገና የምትሠሩትን ግን እኔ ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ምን ሠለጠናችሁ? ማስረጃውስ የታለ? «አቦ፣ ሥራዬ ይናገራል!» ትሉኛላችሁ።

አይናገርም። አሜሪካ ውስጥ የኤ ኤንድ ፒ ፈቃድ፣ ማለትም የአውሮፕላን አካልና ሞተር መካኒክ ፈቃድ፣ ጊዜው አያልፍበትም። በየዓመቱ ኮርስ ውሰዱ ብሎ የሚያስገድዳችሁም ሕግ የለም። ስለዚህ ሁሌ የሚማረውና በድሮ እውቀቱ የሚሠራው ወረቀት ላይ እኩል ናቸው። አውሮፓ ያላችሁ ይሻላችኋል፤ ፈቃዱ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል፣ የጥገና ድርጅቱም በየ2 ዓመቱ ሊያሠለጥናችሁ ይገደዳል።

የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ በቢል ኦብራየን ስም የሚሰጠው የቴክኒሻኖች ሽልማት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በዓመቱ በወሰዳችሁት ሥልጠና መጠን ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ ይባላል። ፈቃድ የሌለው ረዳትም መግባት ይችላል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? አየር ማረፊያችን ራሱ በደጃዝማች ይልማ ስም ነው፣ ሰበብ የላችሁም።

ሰርተፍኬት ሲሰጣችሁ እዚያው አንብቡት። ቀኑ፣ ርዕሱ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የአሠልጣኙ ፊርማ ይኑርበት። «በሚገባ አጠናቋል» ብቻ የሚል ወረቀት ለሳሎን ግድግዳ ነው። ሥራ ላይ የተማራችሁትንም በደብተር ያዙ፦ ዳሽ 8 አውሮፕላን፣ ኤቲኤ 32 (በጥገና መመሪያው የማረፊያ እግር ምዕራፍ)፣ ፍሬን መቀየር፣ ያረጋገጠው እገሌ፣ የፈቃድ ቁጥሩ ይህ።

የአሜሪካውን ፈቃድ ገና ያላወጣችሁ የአገር ቤት ልምዳችሁን አትናቁ። ለኤርፍሬም (ለአካሉ) ወይም ለፓወርፕላንት (ለሞተሩ) ብቻ 18 ወር፣ ለሁለቱም ባንድ ላይ 30 ወር የተግባር ሥራ በማስረጃ ካሳያችሁ ለፈተና መቅረብ ትችላላችሁ። ያ ማስረጃ ደግሞ በስልክ ልመና አይገኝም። የሚያውቃችሁ አለቃ ጡረታ ሳይወጣ፣ ለበዓል ስትመጡ ደብዳቤውን አጽፉ። የትኛው አውሮፕላን ላይ ምን ትሠሩ እንደነበር ይዘርዘር፤ «ታታሪ ሠራተኛ ነበር» የትም አያደርስም።

ለአሁኑ አለቃችሁም ንገሩት። ሠራተኞቹን የሚያሠለጥን ድርጅት በዚያው የኤፍኤኤ ሽልማት ፕሮግራም ለራሱ እውቅና ያገኛል። ኮርስ ላኩኝ ስትሉ መጀመሪያ ይህን አንሱለት። የሽልማቱ የሥልጠና ቆጠራ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ስለሆነ፣ ጥያቄው ዓመቱ ሳይጋመስ ይቅረብ።