ጎርፍ የሚያዘው ከላይ ነው
የዚህ ሳምንት ጠያቂዎች ሁሉ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ የተሰማሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

30 የምንሆን ወጣቶች ነን። ከተዳፋቱ ግርጌ ያለው ቦረቦር በየዓመቱ ይሰፋል፤ በድንጋይ ልንከትረው አስበናል። ከየት እንጀምር?

ከቦረቦሩ አትጀምሩ። ወደ ላይ ውጡና ውኃው ከየት ተሰብስቦ እንደሚመጣ እዩ። በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ ማለት 100 ሺህ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው፤ መሬቱ ያላሰረገው ሁሉ ወደ ክትራችሁ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እርከኑ ይሠራ።

የእርከኑን መስመር በዓይን አትገምቱ። እኩል ቁመት ያላቸውን ሁለት እንጨቶች ከላይ አጋጥማችሁ፣ መሐላቸው ላይ አግዳሚ አስራችሁ፣ ከአናቱ ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር) አንጠልጥሉ። እግሮቹ የቆሙበትን ቦታ በችካል ለዩና ክሩ አግዳሚውን የነካበት ላይ ምልክት አድርጉ። እግሮቹን አቀያይራችሁ ድገሙት። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ ውኃ ልኩ ነው፤ ክሩ እዚያ እስኪያርፍ ድረስ እግሩን እያዘዋወራችሁ መስመሩን ታወጣላችሁ። የተዛባ እርከን ውኃውን ወደ አንድ ጎን ሰብስቦ ሲበጠስ አዲስ ቦረቦር ይወልዳል።

ክትሩን ስትሠሩ መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፤ ጫፎቹም በግራና ቀኝ ግድግዳው ውስጥ ይቀበሩ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ግርጌ ጋር እኩል ይሁን። መሐሉን ቆልለው «አማረ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ውኃው ግን በጎን ዞሮ ግድግዳውን ይበላዋል።

ዕድሜዬ ገፍቷል፤ አካፋ ማንሳት አልችልም። ምን ላግዝ?

እርስዎ የሚችሉት ሥራ ሁልጊዜ ሰው ያጣ ነው። ዝናብ መለኪያውን በየማለዳው በተመሳሳይ ሰዓት አንብበው ይመዝግቡ። ከምንጩ ሥር ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይደቅኑና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይያዙ፤ በ20 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ይህ መዝገብ ለዓመታት ከቀጠለ፣ ላይ የተሠራው እርከን ምን እንደፈየደ ከማንም ንግግር በተሻለ ያስረዳል።

የተከልናቸው ችግኞች አብዛኞቹ ደረቁ። እንደገና እንትከል?

መጀመሪያ ጥቂቶቹን ነቅላችሁ ሥራቸውን ተመልከቱ። ፕላስቲኩ እንዳለ ከሆነ ጥፋቱ የተካዩ ነው። ሥሩ ከተበላ ምስጥ ጠርጥሩ፤ ጫፉ ከተቀነጠሰ ደግሞ ከብት። ከብት ከሆነ ቦታውን ከልሉት፤ ከግጦሽ የተጠበቀ መሬት ከጉቶውና ከተቀበረው ዘር ራሱ ማቆጥቆጥ ስለሚጀምር የምትተክሉት ይቀንሳል። በተከላው ቀን ካሜራ አይጠፋም፤ በአረሙ ቀን ግን ሰውም አይገኝ።

በግለሰብ ማሳ ላይ ባለቤቱን ሳናማክር እርከን ብንሠራስ?

ያፈርሰዋል። ከማሳው የሚቀነሰው የእሱ መሬት ነው፤ አማክሩት፣ በእርከኑ ላይ የሚተከለውንም የመኖ ሣር እሱ ይምረጥ።

ምንጩ ዳር ባሕር ዛፍ ብንተክል ያለመልመዋል?

አይሆንም፤ ውኃውን ይሻማዋል። በዚያ ዙሪያ ሣርና የአካባቢው ቁጥቋጦ ይበቃል፤ ከብቶቹም ከምንጩ ዝቅ ብሎ በተሠራ ገንዳ ይጠጡ።