ቦርጭ ከጡት ጋር ምን አገናኘው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ታላቅ እህቴ 58 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። አሁን ሌትሮዞል የሚባል ኪኒን በየቀኑ ትውጣለች። ሐኪሟ ክብደት ቀንሺ ብሏታል። ቤተሰቡ ደግሞ «ጭራሽ የታመመ ሰው ይክሳ ይባላል?» ብሎ ተቆጥቷል። ጎረቤታችን በበኩሏ ስኳር ካቆመች ካንሰሩ በረሃብ ይሞታል ትላለች። እባክዎ ያስረዱን፣ ቦርጭ ከጡት ጋር ምን አገናኘው?
ታናሽ እህት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ የቤተሰቡ ቁጣ ይገባኛል። እኛ ዘንድ መወፈር «ተመቻት» ያሰኛል፣ መክሳት ደግሞ ያስደነግጣል። ግን ሐኪሟ ልክ ነው። ምክንያቱንም የምትውጠው ኪኒን ይነግርሻል።

ሴት ካረጠች በኋላ ኦቫሪዎቿ (የእንቁላል ማምረቻዎቿ) ኤስትሮጂን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ማመንጨት ይተዋሉ። ሆርሞኑ ግን ጨርሶ አይጠፋም። ስብ ውስጥ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ኤስትሮጂን ይቀይራል። ስቡ ሲበዛ ኤስትሮጂኑም ይበዛል፣ በኤስትሮጂን የሚያድግ ካንሰር ደግሞ ይህንኑ ነው የሚፈልገው። ሌትሮዞል ሥራው ያንን ኢንዛይም ማገድ ነው።

ብዙ ሰው ስብን እንደ ጎተራ ያየዋል። ስብ ግን እንደ እጢ ሆርሞን ያመነጫል። ሰው ሲወፍር ሌፕቲን የሚባለው ይጨምራል፣ የካንሰር ሴሎች እንዲባዙም ይገፋፋል። ይህን የሚያረግበው አዲፖኔክቲን የሚባል ሌላ የስብ ሆርሞን ደግሞ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ኢንሱሊን አልሠራ ሲል ቆሽት አብዝቶ ይረጨዋል፣ ኢንሱሊን ለሴሎች የእድገት መልእክትም ነው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ጡት ውስጥ የሚሆነው ነው። ጡት ራሱ፣ በተለይ ካረጡ በኋላ፣ አብዛኛው ስብ ነው። ካንሰሩ የሚያድገው በስብ ሴሎች መሃል ስለሆነ ጎረቤቱን የስብ ሴል ያስገድደዋል፣ ያጠራቀመውን ፈትቶ እንዲለቅለት ያደርገውና የተለቀቀውን ፋቲ አሲድ (የስብ ቅንጣት) ወስዶ በሚቶኮንድሪያው፣ ማለትም በሴሉ የጉልበት ማመንጫ፣ እያቃጠለ ጉልበት ያደርገዋል። የስብ ሴሉ እየሟሸሸ ይሄዳል። ከመጠን በላይ አብጠው የሚሞቱ የስብ ሴሎችም አሉ። የመከላከያ ሴሎች እንደ አክሊል ይከቧቸዋል፣ አካባቢው ይቆጣል፣ ቁጣው ደግሞ ያንኑ አሮማቴዝ ይጨምረዋል።

ወደ ስኳሩ ልምጣ። ጎረቤታችሁ ከመሬት ተነስታ አይደለም የተናገረችው። ኦቶ ዋርበርግ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ የካንሰር ሴል ግሉኮስ የሚባለውን የደም ስኳር አብዝቶ እንደሚበላ በ1920ዎቹ አሳይቷል። ግን ስኳር ብታቆም ጉበቷ ራሱ ግሉኮስ ይሠራል። ካንሰሩም እንዳየነው ስብ መብላት ይችላል። ሻይዋን ያለ ስኳር ብትጠጣ ለክብደቷ ጥሩ ነው፣ ካንሰሩን ላስርበው ብላ ግን ምግብ እንዳትተው።

«ወፍረሽ ነው ያመጣሽው» የሚላት ካለ ደግሞ አስቁሚልኝ። ቀጫጭን ሴቶችም ይያዛሉ። ውፍረት የመያዝ ዕድልን የሚጨምረው በተለይ ካረጡ በኋላ ነው፣ አገራችን ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ታማሚዎች ገና ያላረጡ ናቸው።

በችኮላ አትክሳ። የወጡን ዘይት ቀንሱ፣ ሽሮና ምስሩ፣ ጎመኑ ይቅረብላት፣ እንቁላልም አትከልክሏት። ዋናው በእግር መሄድ ነው፤ ኢንሱሊኗን ዝቅ ያደርጋል፣ ሌትሮዞል አጥንት ስለሚያሳሳ ለአጥንቷም ይጠቅማታል። የአጥንት ምርመራ ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቁት። ብቻዋን ውጪ ብትባል ትሰለቻለች፣ ስለዚህ ነገ ጠዋት ጫማሽን አድርጊና አብረሻት ውጪ።