መልስ፦ ደመወዝተኛ «ኪሳራ» ማሳወጅ ይችላል?

እህቴ፣ አዳማ ላይ በመምህርነት ደመወዝ እየኖርሽ የባንክና የቁጠባ ማኅበር ብድር ስለከበደሽ «ፍርድ ቤት ኪሳራ ባሳውጅ ዕዳው ይሰረዛል ብለውኛል» ብለሻል። ልክ አይደለም። በ2013 በወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የኪሳራ ሥርዓት ለነጋዴዎችና ለንግድ ማኅበራት ነው። «ፋይል ልክፈትልሽ» የሚል ደላላ ካለ እባክሽ አንድ ብር እንዳትሰጪው።

«ያለሽን ሁሉ ይወስዱብሻል» ያለሽም አጋኗል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 404 መሠረት አልጋሽ፣ የግድ የሚያስፈልግሽ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃሽና የሦስት ወር ቀለብሽ አይያዝም። ከደመወዝሽም ቢቆረጥ ከሲሶው አያልፍም።

እኔ የምፈራልሽ ቤቱን ነው። ለባንኩ መያዣ ከሆነ፣ በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጠው ይፈቅድለታል። ደብዳቤው እስኪመጣ አትጠብቂ። የደመወዝ ማስረጃሽንና የወር ወጪሽን ይዘሽ ቅርንጫፉ ሂጂ፣ የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘምልሽ በማመልከቻ ጠይቂ፣ በእጅሽ በሚቀረው ቅጂ ላይም «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም አስመቺ። ዋስ የሆነችሽን ባልደረባሽንም ዛሬውኑ ንገሪያት፤ አንቺ ካልከፈልሽ የሚዞሩት ወደ እሷ ነው።